መሀሉ ላይ የተቆረጠ ፊደል

ከፋይልም ሆነ ከኔትወርክ የሚመጣ ዳታ እያነበበ ለቀረው ፕሮግራም የሚያቀብል አነስተኛ ኢንተርፌስ (የፕሮግራም ክፍሎችን የሚያገናኝ ኮድ) ጽፌ፣ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስፈትነው እንከን ስላላገኘሁበት አልቋል ብዬ ትቼው ነበር። ትናንት ማታ ረዘም ያለ የአማርኛ ጽሑፍ ሳስነብበው ግን እዚህም እዚያም በፊደል ፈንታ የጥያቄ ምልክት ያዘለ ጥቁር አልማዝ ብቅ አለ።

ጥፋቱ የእኔው ነበር። በዩቲኤፍ-8 (ፊደላት በኮምፒውተር ውስጥ በቁጥር የሚቀመጡበት ስልት) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት (ባይት የዳታ መለኪያ አሃድ ነው) ስለሚይዝ «ሰላም» 9 ባይት ነው፤ እኔ ደግሞ ዳታውን በ4096 ባይት እየቆረስኩ እያንዳንዱን ቁራሽ ለብቻው ወደ ጽሑፍ እለውጥ ነበር። 4096 ለ3 ሲካፈል 1 ይተርፋል። በቃላት መካከል ያለው ክፍት ቦታ 1 ባይት ብቻ በመሆኑ ቁርጡ አንዳንዴ በፊደል ዳር፣ አንዳንዴም በመሀሉ ያርፋል። የእንግሊዝኛ ፊደል ግን ሁሉም አንድ አንድ ባይት ስለሆነ የሚቆረጥ ነገር የለውም።

መጠኑን 4095 አድርጌ ልገላገል የሚል ሐሳብም መጥቶብኝ ነበር (ከድካም ነው)። ኔትወርክ ግን የጠየቁትን ያህል ሳይሆን የደረሰለትን ያህል ነው የሚሰጠው፤ ዩኒክስ በተባለው ሥርዓተ ክወና የንባብ ጥሪም (ዳታ አንብብልኝ የሚለው ትእዛዝ) የተነበበውን የባይት ብዛት የሚመልሰው፣ ሲያልቅ ደግሞ 0 የሚመልሰው ለዚሁ ነው። ጃቫ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ማለቁን በ-1 ይናገራል። «ጎ» (Go) በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ደግሞ የመጨረሻዎቹ ባይቶችና የማለቁ ምልክት በአንድ ጥሪ አብረው ሊመጡ ስለሚችሉ፣ ምልክቱን አስቀድሞ የሚያይ ሰው ባይቶቹን ይጥላል፤ ይህን አልወደድኩትም።

ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ከፈልኩት። የታችኛው ክፍል ባይትና ብዛቱን ብቻ ይሰጣል፤ ማለቅንና ስህተትንም ለየብቻ ያሳውቃል። የላይኛው ያልሞላውን የፊደል ትራፊ ለሚቀጥለው ዙር ያቆያል፣ ለጠሪው ኮድ የሚያቀብለውም ሙሉ ፊደል ብቻ ነው። ያስቸገረኝ ትራፊው በእጁ እያለ ዳታው ቢያልቅ ምን ያድርግ የሚለው ነው። በጸጥታ መጣሉ ለጠሪው ይቀላል፤ ሆኖም ተቆርጦ የመጣን ፋይል ሙሉ አስመስሎ ማቅረብ ስለሆነ ስህተት ብሎ እንዲመልስ ወሰንኩ።

ሁለት ፈተናዎችም ጻፍኩ። የመጀመሪያው «ሰላም»ን አንድ አንድ ባይት እየሰጠ በ9 ዙር ያስነብባል፤ አልፏል። ሁለተኛው 8 ባይት ብቻ ሰጥቶ ይዘጋል። «ሰላ» ካለ በኋላ ስህተት መመለስ የነበረበት ኮዴ፣ ይህን እስከምጽፍ ድረስ ምንም እንዳልጎደለ ሁሉ ዝም ብሎ ይጨርሳል።