«እሺ አባባ፣ እናያለን» ሲሉን ቀን እንጠይቃለን

እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ የምኖረውም አዲስ አበባ ነው። የሰፈራችን ጡረተኞች ተሰባስበን ስለ መድኃኒት፣ ስለ ጡረታ አበልና ብቻቸውን ስለቀሩ አረጋውያን ጉዳይ ቢሮ ለቢሮ መሄድ ከጀመርን ሰንበትበት ብሏል። ከሌላ ሰፈር እየመጡ «እንዴት አደረጋችሁት?» የሚሉን በዝተዋልና በጽሑፍ ላስቀምጠው።

ሲጀመር የነበረን ምሬት ብቻ ነው። የዕድር ስብሰባ አልቆ ሰው ሲበተን እኛ እንቀራለን፤ ወሬውም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የጤፍ ዋጋ፣ የመድኃኒት ዋጋ፣ የማይበቃው አበል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባው መድኃኒት አልቀመስ አለን። ከመካከላችን ጡረታ የወጣች ነርስ ነበረች። «ማማረሩን ተዉትና ለሕክምና በወር የምታወጡትን አንድ በአንድ ንገሩኝ» ብላ ደብተር ይዛ መጣች። ለካርድ፣ ለመድኃኒት፣ ለታክሲ፣ ለሚደግፈን ሰው ምሳ፤ ሁሉንም ጻፈች።

ስንደምረው ያልጠበቅነው ነገር ወጣ። አብዛኞቻችን የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመምተኞች ነን፤ የምንወስደውም አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪል፣ ሜትፎርሚን የመሳሰለውን የተለመደ ኪኒን ነው። ብዙዎቻችንን ያደኸየን ከኪኒኑ ይልቅ በየወሩ መመላለሱ ነበር። ጉልበቱ የከዳው ሰው ብቻውን አይሄድም፤ ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ሥራ ቀርቶ ይዞት ይሄዳል፤ የቀን ሠራተኛ ከሆነ የዚያን ቀን ገቢ ያጣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ያንኑ ኪኒን፣ በዚያው መጠን፣ እንደገና ለመቀበል ነው። ስለዚህ ያለንን ጥያቄ ሁሉ ወደ ጎን አደረግንና አንዱን ብቻ ያዝን፤ ሕመሙ የተረጋጋለት ሰው የሁለት ወይም የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይሰጠው፤ በሳምንት አንድ ጠዋትም ለአረጋውያን ይለይ።

ጥያቄው የቅንጦት እንዳልሆነ የሚያሳይ ምሳሌም ከአገራችን አገኘን። ለኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱና የተረጋጉ ሰዎች ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በየስድስት ወሩ ብቻ እየተቀጠሩ የስድስት ወር መድኃኒት የሚወስዱበት አሠራር በኢትዮጵያ አለ። ነርሷ ናት ያስታወሰችን። ለዕድሜ ልክ መድኃኒት አንድ አሠራር ከተፈቀደ ለሌላው የዕድሜ ልክ መድኃኒት የሚከለከልበት ምክንያት ምንድን ነው ብለን ጻፍን። ይህቺ አንዲት አንቀጽ ከልመናው ሁሉ በልጣ ሠርታለች።

ወደ ጤና ጣቢያው ስንሄድ የገጠመንን ሌሎች አረጋውያንም ያውቁታል። ወንበር ይሳብልናል። «አባባ ይቀመጡ፣ እማማ ይቀመጡ» ይባላል። አክብሮቱ ከልብ ነው፣ አልጠራጠርም። ግን ቀጥሎ የሚመጣው «እሺ አባባ፣ እናያለን» ነው፤ እኛም መርቀን እንወጣለን። እኛ የዚህ አገር ሽማግሌዎች ከተከበርን በኋላ መጠየቅ ነውር ይመስለናል። አክብሮቱን ተቀብሎ፣ መርቆ፣ ሳይነሱ «ልጄ፣ መቼ እንምጣ? ማንን እናነጋግር?» ማለት መልመድ ነበረብን። የሚከብደው የመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው።

ሌላው ጉዳይ ደብዳቤ ነው። በቃል የተነገረ ነገር ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ማመልከቻችንን ከአንድ ገጽ ሳናሳልፍ ጻፍን፤ በግልባጭ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አሳወቅን፤ ሁለት ቅጂ ይዘን መዝገብ ቤት ገባንና በእኛ ቅጂ ላይ ማኅተምና የገቢ ቁጥር አስመታን። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ እንዳልተጻፈ ቁጠሩት። ቁጥሩን ይዞ የሄደ ሰው «አልደረሰንም» አይባልም።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ መጀመሪያ የመድኃኒት ክምችት እንደማይበቃ ነገረችን፤ እውነቷን ነበር። እኛም ደብተሩን አሳየናት፤ ማን ምን መድኃኒት፣ በምን ያህል መጠን እንደሚወስድ የሰዎቹን ስም ሳንጠቅስ ደምረን ነበርና ለመድኃኒት ጥያቄዋ ግብዓት ሆናት። ያገኘነው የሁለት ወሩን ነው፤ የሦስት ወሩ ገና ነው። ጠዋቱ ግን ተለይቶልናል።

አሁን ብዙ ሰው ስለሚቸገርበት የተተኪዎች አበል ልናገር። በሰፈራችን ያለች አንዲት እናት ባሏ ሲሞት የእሱ ጡረታ አብሮት የተቀበረ መስሏት እንጀራ እየጋገረች መሸጥ ጀምራ ነበር። ሕጉ ግን ለሟች ሚስት ወይም ባል የአበሉን 50 በመቶ ይሰጣል። በምሳሌ ላስረዳ። ብዙዎቻችን ጡረታ የወጣንበት፣ በ2014 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ የተተካው አዋጅ ቁጥር 714/2003 አበሉን የሚያሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው። ለመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት አገልግሎት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ 1.25 በመቶ ይታሰባል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። አማካይ ደመወዙ 6,000 ብር የነበረና 30 ዓመት ያገለገለ ሰው 55 በመቶ፣ ማለት 3,300 ብር ያገኛል። ሚስቱ ግማሹን፣ 1,650 ብር። ትንሽ ነው፤ ግን በየወሩ የሚመጣ የራሷ ገንዘብ ነው።

የእሷ ፋይል የተያዘው በስም ነው። መሥሪያ ቤቱ ያለው ማኅደር «ኃይለ ማርያም» ይላል፤ መታወቂያው «ኃ/ማርያም»፤ የባንክ ደብተሩ «ሃይለማርያም»። ሦስቱም አንድ ሰው መሆናቸውን እሷም፣ እኛም፣ መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ልጅም እናውቃለን፤ ወረቀቱ ግን አያውቅም። ጋብቻውም በሽማግሌ የተፈጸመ ስለነበር የምስክር ወረቀት አልነበራትም። በምስክሮች አማካይነት ጋብቻውን በፍርድ ቤት አረጋገጥን፤ የስሙንም አንድነት እንዲሁ። እኛ ያደረግነው ፍርድ ቤት የሚቆሙ ሽማግሌዎች ማግኘት፣ ማመልከቻውን መጻፍና ከእሷ ጋር መሄድ ነው። ብቻዋን ብትሆን መጀመሪያው መስኮት ላይ ተመልሳ ትቀር ነበር። አበሉ ሲፈቀድ ወደኋላ ያለው ውዝፍም ታስቦላታል። ውዝፉ ግን ለይርጋ፣ ማለት ካለፈ መብትን ለሚያስቀር የጊዜ ገደብ፣ ስለሚጋለጥ «ኀዘኑ ይብረድልኝ» እያሉ ዓመታት ማሳለፍ ያስቀራል። የተከለከለ ሰውም ጉዳዩ አለቀ ማለት አይደለም፤ ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ማመልከት ይቻላል። እባካችሁ፣ በሕይወት ያላችሁ ጡረተኞች፣ ዛሬውኑ መታወቂያችሁንና የጡረታ ማኅደራችሁን አስተያዩ፤ ስማችሁ ካልተመሳሰለ እናንተ እያላችሁ አስተካክሉት።

የዕድሩ ጉዳይ ከሁሉም የከበደን ሲሆን ከሁሉም በላይ የምወደውም እሱን ነው። ዕድራችን ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ድስት አለው፤ ሰው ሲሞት በክብር ይቀብራል። ያው ሰው ከመሞቱ በፊት ወራት ሙሉ አልጋ ላይ ሲተኛ ግን ከካዝናው አንዲት ብር አትወጣም። ደንቡ ለቀብር ነው የሚለው። እኛ ያቀረብነው ሐሳብ አባሉ በጠና ሲታመም፣ ሲሞት ለቤተሰቡ ከሚከፈለው ላይ የተወሰነው አስቀድሞ ለሕክምናው ይሰጥ የሚል ነው። የዕድሩ ዳኛ ተቆጡ። «ገንዘቡ ካለቀ ማን ይቀብረናል?» አሉ። ስጋታቸው ተገቢ ነው፤ ዕድር የቆመው በዚያ እምነት ላይ ነውና። ስለዚህ መከራከሩን ትተን ገንዘብ ያዡን ያለፉትን ዓመታት ሒሳብ እንዲያሳየን ጠየቅነው፤ በዓመት ስንት ሰው እንደሚሞት፣ ስንት እንደሚወጣ፣ ስንት እንደሚተርፍ አየን። ከትርፉ ብቻ ለሕመም የሚሆን የተለየ ሂሳብ ይከፈት ብለን በጠቅላላ ጉባኤ አቀረብን። ዕድሜያቸው የገፋ እናቶች ተነሥተው ተናገሩ፤ አንዷ «ንፍሮውን ቀንሱልኝና መድኃኒቱን ግዙልኝ» ስትል ጉባኤው ዝም አለ። ደንቡ ተሻሻለ። ዳኛው ራሳቸው የመጀመሪያውን ክፍያ ይዘው የታመመ ሰው ቤት ሄደዋል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ጡረታ ስለሌላቸው ሰዎች ዝም ማለት አልፈልግም። የግል ድርጅት ሠራተኛ በጡረታ የታቀፈው በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ነው። ከዚያ በፊት ዕድሜውን ሙሉ ሱቅ የጠበቀ፣ ቤት የሠራ፣ የሰው ልጅ ያሳደገች፣ ዛሬ ምንም የላቸውም። አበል የምናገኘው ሰዎች ስለ ራሳችን ብቻ ብንጮህ ግማሹን ሰፈር ትተነው እንሄድ ነበር። በከተማ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር ውስጥ መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን ቀጥታ ድጋፍ የሚባል ክፍል አለ። በምዝገባው ወቅት ከቤት የማይወጡትን ሰዎች ቤታቸው ድረስ ሄደን ዝርዝራቸውን ለወረዳው አስገብተናል። የታለፉ ነበሩ፤ ቅሬታም አቅርበንላቸዋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ ያዛልና በቅሬታችን ላይ ጠቅሰነዋል።

በዚሁ ቤት ለቤት ዙረት ነው ብቸኝነቱን ያየነው። ልጆቿ ባሕር ማዶ የሆኑ እናት ገንዘብ አታጣም፤ የምታናግረው ሰው ግን ታጣለች። ለእሱ ማመልከቻ የሚጻፍለት ቢሮ የለምና ተራ አውጥተን ቡና እንጠጣለን፤ ነርሷም በዚያው ግፊታቸውን ትለካለች።

አሁን የያዝነው ከወረዳ በላይ የሆነውን ነው። የማኅበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ጡረተኛውንም ያካትታል፤ አፈጻጸሙ ግን ለዓመታት ሲጓተት ኖሯል። አበሉም ኑሮውን አልተከተለም። በሥራ ላይ ያለ ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጥበታል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርበታል፤ ስለዚህ የምንጠይቀው ቀድሞ የሠራንበትን ዋጋ ነው፣ ችሮታ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር አንድ ሰፈር ብቻውን አይወጣውም። ደብተራችንን ቀምረን፣ የሌሎች ሰፈሮችንም ጨምረን፣ በጡረተኞች ማኅበር በኩል ለተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ የሚቀርብ ጽሑፍ እያዘጋጀን ነው። የምንጠይቀው የአበል ማስተካከያው የዋጋ ንረቱን ተከትሎ በየዓመቱ እንዲታይና ዝቅተኛ አበል የሚያገኙት፣ በተለይ ተተኪዎች፣ እንዲቀድሙ ነው። በየሰፈራችሁ ወጪ የመዘገባችሁ ካላችሁ የሰው ስም ሳትጠቅሱ፣ የመድኃኒቱን ዓይነትና የወር ወጪውን ብቻ ይዛችሁ ወደ አቅራቢያችሁ ማኅበር ሂዱ።