ሙሉውን አይታችሁታል?

ባለፈው ወር ጓደኛዬ ላይ የደረሰው ነገር እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። አስተማሪ ነው። የሰፈር ስብሰባ ላይ ተነስቶ ስለ ውሃ መስመር ወደ 20 ደቂቃ ተናገረ። አንዱ በስልኩ ቀድቶት ኖሮ 40 ሰከንዷን ብቻ ቆርጦ ለቀቃት። የማዶ ሰፈር ሰዎችን የሰደበ አስመሰለችው። በነጋታው እዚህ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ሁሌ ቡና የምንጠጣበት ቤት ስንገባ ሰላምታው ቀዝቅዞ ጠበቀን። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም። ብቻ አጠገባችን ያለው በርጩማ ባዶውን ዋለ።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። «ተፈረጀ በቃ» አለ። አባቴ ይቺን ቃል ዝም ብሎ አይላትም። በደርግ ጊዜ ወጣት ነበር፤ «ፀረ አብዮተኛ» የምትለው ቃል ሰው ላይ ስትለጠፍ ምን እንደምታመጣ በዓይኑ አይቷል።

እኔ ደግሞ ያን ሰሞን ስለ 1950ዎቹ አሜሪካ እያነበብኩ ነበር (የማነሳቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ ናቸው፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር)። እዚያ ቃሉ «ኮሚኒስት» ነበር። የእኛ ተቃራኒ፣ ሥራው ግን አንድ። የዊስኮንሲኑ ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ በ1950 ዊሊንግ በምትባል ከተማ ቆሞ፣ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያሉ የኮሚኒስቶች ስም ዝርዝር አለኝ አለ። ቁጥሩን በየንግግሩ ይለዋውጠው ነበር፤ ስሙ ግን ገነነ። በዚያው ዓመት ከ100 የአሜሪካ ቤቶች ቴሌቪዥን የነበራቸው 9 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ1954 ከግማሽ በላይ ሆኑ። ፍርሃቱና ሣጥኑ አብረው ነው ያደጉት።

ይሄ ጊዜ ለጅማ ሰው ያን ያህል ሩቅ አይደለም። የግብርና ትምህርት ቤታችን የተከፈተው በ1952 ነው፣ ከኦክላሆማ በመጡ መምህራን እርዳታ። ያ እርዳታ ራሱ የኮሚኒዝም ፍራቻ አንድ ገጽታ ነበር። እዚህ ስለ ቡናና ስለ ከብት የሚያስተምሩት ሰዎች አገራቸው ላይ ጎረቤት ጎረቤቱን በጥርጣሬ እያየ ነበር።

ቴሌቪዥኑ መጀመሪያ የፍርሃቱ ተባባሪ ነበር፤ ይሄን መደበቅ አይገባም። በ1950 «ሬድ ቻነልስ» የሚባል ጥራዝ ወጣ። በኮሚኒስትነት የተጠረጠሩ የ151 ሰዎች ስም ይዟል፦ ተዋንያን፣ ጸሐፊዎች፣ ሙዚቀኞች። ፍርድ ቤት የለም፣ ማስረጃ የለም፣ ስም ብቻ። ያኔ የቴሌቪዥን ድራማ እንጀራው ስፖንሰሩ ነው። ጥቂት ስልክና ቴሌግራም ሲደርሰው ስፖንሰሩ ይደነግጣል፣ ጣቢያው ደግሞ ስፖንሰሩን ይፈራል። ጂን ሙር የምትባል ተዋናይት በዚህ መንገድ ገና ሥራ ሳትጀምር ተባረረች። ፊሊፕ ሎብ ደግሞ ሰው ሁሉ ከሚወደው ተከታታይ ድራማ ወጣ። ሥራ አጥቶ ሲንከራተት ቆይቶ በ1955 ራሱን አጠፋ። እሱ ላይ ስደርስ ንባቤን አቁሜ ውጭ ወጣሁ።

ከዚያ የራዱሎቪች ታሪክ አለ። ማይሎ ራዱሎቪች የአየር ኃይል ተጠባባቂ መኮንን ነበር። እሱ ታማኝ አይደለም ያለ የለም። ጥፋቱ አባቱ የሰርቢያ ጋዜጣ ማንበባቸውና የእህቱ የፖለቲካ አመለካከት ነው። አባትህንና እህትህን ካልካድክ ለአገር ደኅንነት ስጋት ነህ ተባለ። አልክድም አለ። በኦክቶበር 1953 ሲቢኤስ የሚባለው ጣቢያ ጋዜጠኛ ኤድዋርድ ሙሮው ጉዳዩን በቴሌቪዥን አቀረበው፤ ባልደረቦቹ አባትየውንም እህትየዋንም አናግረው ነበር። ከአንድ ወር በኋላ ውሳኔው ተሻረ። የዘመድ ፖለቲካ እየተቆጠረበት የተቸገረ ሰው ስንቱን አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው ይቺን ታሪክ ለሰው ሁሉ የማወራት።

ሙሮው በማርች 9 ቀን 1954 ደግሞ ማካርቲን ራሱን ይዞ ቀረበ። የተቃውሞ ሐሳብ መያዝ ክህደት አይደለም፣ መከሰስም ጥፋተኛ መሆን አይደለም አለ። ድፍረቱን አከብራለሁ። ግን ማካርቲን የጣለው ሙሮው ነው ሲባል አልስማማም። ያ ፕሮግራም የማካርቲን ፊልሞች ቆራርጦ የገጣጠመ ነው። ዓላማው መልካም ነው፣ መቁረጥ ግን መቁረጥ ነው። እኛም አገር ታይቷል። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከገባ 10 ዓመት ሳይሞላው፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ የወሎ ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ጋር እየተፈራረቀ ታየ። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። ረሃቡ እውነት ነበር፣ ድግሱም እውነት ነበር። መቀሱን የያዘው ግን ደርግ ነበር፣ መቀስ የያዘ ሰው ነገ ምን እንደሚቆርጥ አይታወቅም።

ማካርቲን የጣለው ሳይቆረጥ መታየቱ ነው ባይ ነኝ። ከኤፕሪል 22 ቀን 1954 ጀምሮ እሱና የጦር ሠራዊቱ የተካሰሱበት የምክር ቤት ምርመራ 36 ቀን ተካሄደ። ትልልቆቹ ጣቢያዎች የቀን ድራማቸውን ማስታወቂያ ማጣት አልፈለጉም። ኤቢሲ ደሃ ስለነበር፣ ቀን ላይ የሚያሳየው ብዙም ስላልነበረው፣ ዱሞንት ከሚባለው ጣቢያ ጋር ከጠዋት እስከ ማታ በቀጥታ ለቀቀው። ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሰውየውን አየው። ሲያቋርጥ፣ ሲያንጓጥጥ፣ ረዳቱ ሮይ ኮን ጆሮው ስር ሲያንሾካሹክ፣ ማካርቲ ማይክሮፎኑን በእጁ ሸፍኖ ሲያዳምጥ። አንድ ቀን በማስረጃነት ፎቶ ቀረበ። የጦር ሠራዊቱ ሚኒስትርና የማካርቲ ወገን የሆነ አንድ ወታደር ብቻቸውን ፊት ለፊት ቆመዋል፣ ልክ እንደ ወዳጅ። በማግስቱ የሠራዊቱ ጠበቃ ጆሴፍ ዌልች ዋናውን ፎቶ አመጣ። አጠገባቸው አንድ ኮሎኔል አለ። ተቆርጦ ነው። ይሄን ሳነብ የጓደኛዬ 40 ሰከንድ ትዝ ትለኛለች።

በጁን 9 ማካርቲ የዌልች ቢሮ ባልደረባ የሆነን አንድ ወጣት ጠበቃ፣ ቀደም ሲል አባል በነበረበት ማኅበር የተነሳ፣ አገር እያየ ስሙን ጠርቶ ወነጀለው። ዌልች የመለሰለትን ወደ አማርኛ ለማምጣት ብዙ ሞክሬያለሁ። «ጨዋነት አልቀረዎትም?» ብል ይቀዘቅዛል። «ይሉኝታ» ብል ሌላ ነገር ይሆናል፣ ይሉኝታ ሰው ምን ይለኛል ነው። ለአባቴ ሳጫውተው ወዲያው «ነውር አያውቁም ወይ ጌታዬ? ነው ያለው» አለኝ። ልክ ነው፣ ነውር። አዳራሹ አጨበጨበ። ጋሉፕ የሚባለው የሕዝብ አስተያየት መዛኝ ድርጅት ባደረገው ጥናት በጃንዋሪ 50 በመቶ የነበረው የማካርቲ ድጋፍ በጁን 34 ሆነ፣ በዲሴምበር ሴኔቱ 67 ለ22 አወገዘው።

ጓደኛዬስ? ሙሉውን ቪዲዮ አንድ ልጅ ስልክ ላይ አገኘነው። ቡና ቤቱ ውስጥ ለብዙ ሰው አሳየን፤ ሁሉም ሁለት ደቂቃ አይቶ «ገባኝ ገባኝ» ይላል። ሰፈሩ ሁሉ ሀጂ የሚላቸው አንድ ሽማግሌ ቡና ነጋዴ ግን መነጽራቸውን አውጥተው ስልኩን ተቀበሉን። 20ውንም ደቂቃ አዩት። ሲኒያቸው ሳይነካ ቀዘቀዘ። ሲጨርሱ ያቺን ባዶ በርጩማ ስበው አጠገቡ ተቀመጡና «ልጄ፣ ስለ ቧንቧው ያልከው ግን ልክ አይደለም» ብለው ሙግት ጀመሩት።