ጌዴና ማሊንዲ፣ ላንጋኖ ለለመደ ሰው

ነሐሴ ላይ የአራት ኪሎ ዝናብ ሲያንገሸግሸን እኔና እህቴ ሞምባሳ ገባን። ከቦሌ ቀጥታ በረራ አለ፣ ቪዛም አንጠየቅም። የእኛ ሰው ግን ኬንያ ሲባል የሚታየው ናይሮቢ ብቻ ነው፤ ባሕር ሲባል ደግሞ ዱባይና ዛንዚባር። እኛ የሄድነው ከሞምባሳ በስተሰሜን፣ ማሊንዲ ሳይደረስ ወደሚገኙት ጌዴና ዋታሙ ነው። ጸጥ ያሉ የገበሬና የዓሣ አጥማጅ ሰፈሮች ናቸው።

በማታቱ፣ ማለትም በሚኒባስ ሄድን። ቪፒንጎ አካባቢ ግራና ቀኙ ቃጫ ነው፣ በመስመር የተተከለ፣ ማለቂያ የሌለው። የኪሊፊን ድልድይ ስትሻገር ማንጎ፣ ኮኮናትና ካሹ ይቀበልሃል።

የዋታሙ አሸዋ ነጭ ነው፣ ያምራል፣ ከዚህ በላይ ስለ አሸዋ የምለው የለኝም። እኔን የገረመኝ ጠዋት ደረቴ ድረስ የነበረው ውሃ ከሰዓት በኋላ ርቆ መሄዱ ነው። ላንጋኖ እንዲህ አያደርግም! ውሃው በለቀቀው ኮራል መሃል ትንንሽ ኩሬዎች ይቀራሉ፤ ጎንበስ ካልክ ጥፍር የምታህል ዓሣና ወደ ጎን የሚሮጥ ሸርጣን ታያለህ።

እህቴ ፍልሰታን ትጾማለች። ምን ትበላ ይሆን ብዬ ሰግቼ ነበር። ለካ የዚያ አገር ቁርስ ራሱ የጾም ነው፤ ምባዚ የሚሉትን የርግብ አተር በኮኮናት ወተት ይሠሩታል፣ የሚበላው ሄል ከገባበት ማሐምሪ ጋር ነው። ማሐምሪን ባለ ሦስት ማዕዘን ቦምቦሊኖ በሉት። እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምትቆይ፣ የሚሸጡት እማማ ድርሻዋን ከድነው ያስቀምጡላት ጀመር።

ለኔ ግን ጉዞው ማለት ጌዴ ነው። ጫካ የዋጠው ከተማ፦ የኮራል ድንጋይ ቤቶች፣ ትልቅ መስጊድ፣ ቤተ መንግሥት፣ የውሃ ጉድጓዶች። አንድ መቃብር ላይ 802 ዓመተ ሂጅራ ተቀርጿል፣ እ.ኤ.አ. 1399 መሆኑ ነው፤ እኛ ጋ የዐፄ ዳዊት ዘመን። በቁፋሮ የቻይና ሸክላ ሳይቀር ወጥቷል፣ ቤቶቹም የሚጠሩት በተገኘባቸው ዕቃ ነው፣ የመቀሱ ቤት፣ የዛጎሉ ቤት። ነዋሪዎቹ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጥለውት ሄዱ፤ ከሚነሱት ምክንያቶች መካከል የጉድጓዱ ውሃ መሸሽ፣ ጦርነትና እስከዚያ የዘለቀው የኦሮሞ እንቅስቃሴ አሉ። ዩኔስኮ በ2024 መዝግቦታል። እኔ የተወለድኩበት የፒያሳ ግቢ በኮሪደር ልማቱ ፈርሷል፣ እና 400 ዓመት ሰው ያልኖረበት ቤት ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ትንሽ ቀናሁ፣ አልዋሽም።

ማሊንዲም ደርሰናል። ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 ወደ ሕንድ የሚመራው ሰው ያገኘው እዚህ ነው፤ የድንጋይ ዓምዱ ባሕሩ አፋፍ ላይ ቆሟል። ልጁ ክሪስቶፎሮ ደግሞ 400 ያህል ወታደር ይዞ በምጽዋ ገብቶ፣ በ1542 በኢማም አሕመድ እጅ የሞተው እኛ አገር ነው። ይህን ለአስጎብኚው ስነግረው አላመነኝም። ስልኩን አውጥቶ ፈለገ። ትንሽ ቆይቶ ለሌሎች ቱሪስቶች የራሱ ወሬ አድርጎ ሲተርከው ሰማሁት።