ግራ ትከሻዬ

ዛሬ ሲመሽ እንዲሁ ደብሮኝ ነበር። አንድ መልእክት መጣ፣ አነበብኩት፣ ሳልመልስ ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩና ዕቃ ማጠብ ጀመርኩ። ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ ስደርስ ትከሻዬ ጆሮዬ ሥር መድረሱን አወቅሁ። ጥርሴን ነክሻለሁ። ትንፋሼ አጭር ነው። አንድ ብርጭቆ ለማጠብ ይሄ ሁሉ ጉልበት ምን ያደርጋል?

«ትከሻሽን ጣል አድርጊው» አልኩ ለራሴ። ወረደ። ብርጭቆውን አለቅልቄ ሳልጨርስ ተመልሶ ወጣ።

ይሄን ትእዛዝ ስንት ዓመት እንደሰጠሁት! ትእዛዝ ለምን እንደማይሠራ የገባኝ ግን በቅርቡ ነው። «ቀጥ በይ» ስባል የተወጠረውን አልፈታም፤ ሌላ ውጥረት እጨምርበታለሁ። ደግሞ ልማድ የሆነ ውጥረት ለባለቤቱ አይሰማውም። አሌክሳንደር የሚባለው አውስትራሊያዊ ተዋናይ መድረክ ላይ ድምፁ እየተዘጋ ሲያስቸግረው መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን ተከታተለ። መናገር ሲጀምር ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ይስባል። በመስታወት እስኪያየው ድረስ አያውቀውም ነበር።

እጄን አደራረቅሁና ወለሉ ላይ በጀርባዬ ተኛሁ። ጉልበቴን አጥፌ፣ እግሬን መሬት አስረግጬ፣ ክንዶቼን ደረቴ ላይ አጣጥፌ። ጁሊያርድ በሚባለው የኒውዮርክ የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዳንሰኞችን ታስተምር የነበረችው ሉሉ ስዋይጋርድ ተማሪዎቿን እንዲህ አስተኝታ ምንም እንዳያደርጉ ትነግራቸው ነበር። ማሰብ ብቻ። ሰውነትሽን ባዶ ልብስ አድርገሽ በሐሳብሽ ሳዪው፤ ሱሪው ጉልበቱ ላይ በመስቀያ ተንጠልጥሏል፣ ውስጡ ማንም የለም።

እንዲህ ያለው ነገር በፊት ለእኔ ቅዠት ነበር። አሁን አይደለም። ጃኮብሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ሰዎች ክንዳቸውን ሳያንቀሳቅሱ ሲታጠፍ ብቻ እንዲያስቡ አድርጎ፣ በዚያው ክንድ ጡንቻ ላይ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በመሣሪያ ለክቷል። ሐሳብ ጡንቻ ድረስ ይወርዳል ማለት ነው። ስጋት ከወረደ፣ ባዶ እጅጌስ ለምን አይወርድም?

የእኔ ምስል አሸዋ ነው። ኮት ነኝ፤ እጅጌው ውስጥ ደቃቅ ደረቅ አሸዋ ሞልቶበታል፤ ቀስ እያለ በክርኔ በኩል ይፈሳል። አልገፋውም፣ አያለሁ ብቻ። ቀኙ ቶሎ ፈሰሰ። ትከሻዬ ወለሉን ሲነካ ተሰማኝ፣ የወለሉ ቅዝቃዜ በሸሚዜ ዘልቆ መጣ። አንገቴ በዚያ በኩል ረዘመ።

ግራው ግን እምቢ አለ። ሁልጊዜም እሱ ነው የሚያስቸግረኝ። አሸዋው እርጥብ ይሆንብኛል፣ ይጋገራል። ዛሬ ሌላ ምስል ልቀይርለት ስል ድንገት ትዝ አለኝ። ትንሹ ልጄ ሕፃን ሳለ የሚተኛው እዚያ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ በግራ ትከሻዬ ይዤው ስንጎራደድ፣ ጭንቅላቱ እንዳይንሸራተት ትከሻዬን ከፍ አድርጌ፣ ትንፋሹ አንገቴ ላይ ሲሞቅ። ዝቅ ካደረግሁት ይነቃል። ስለዚህ አላወርደውም ነበር። ለወራት።

አሁን እኮ የጫማውን ክር ራሱ ያስራል። ከወረደ ስንት ዓመቱ ነው! ትከሻዬ ግን ይህን የነገረው የለም።

እዚያው እንደተኛሁ መጣ። «እማ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ። «ትከሻዬን እያሳረፍኩ ነው» አልኩት። ምንም ሳይል አጠገቤ ተኛና ጉልበቱን እንደኔ አጠፈ። ወዲያው ልፍስፍስ አለ። ማንም ምስል አልሰጠውም።

«ምን እያሰብክ ነው?» አልኩት።

«ምንም» አለ፣ ጭንቅላቱን ግራ ትከሻዬ ላይ እያስጠጋ።

ትከሻዬ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ሲል ተሰማኝ። አሸዋውን ልቀጥል ወይስ ልተወው?