ጫማዬን አውልቄ የተኛሁበት ሌሊት

ጌታ የተመሰገነ ይሁን፣ ወገኖቼ። ይህን ምስክርነት በጉባኤ ቆሜ በአጭሩ ተናግሬዋለሁ። ግን በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ ሦስት ሰው ለየብቻ እየመጣ "እኔም ሌሊት አልተኛም" አለኝ። ስለ እነሱ ብዬ ሙሉውን ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

የሆሳዕና ልጅ ነኝ። ወደ ደቡብ አፍሪካ የመጣሁት እንደ ብዙዎቻችን በየብስ ነው። ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ፣ ዚምባብዌ። የመጨረሻው ዚምባብዌንና ደቡብ አፍሪካን የሚለየው የሊምፖፖ ወንዝ ነበር። በሌሊት ተሻገርነው። ውሃው ጉልበታችን ድረስ ነበር። አሻጋሪው "አዞ አለ፣ ድምፅ እንዳታሰሙ" አለን። የፊተኛውን ልጅ ሸሚዝ ይዤ ነው የተሻገርኩት። ወንዙን ተሻገርኩት እንጂ አላየሁትም።

ጆሃንስበርግ መጀመሪያ ያረፍኩት ጄፒ መንገድ አካባቢ፣ የአገሬ ሰዎች ዘንድ ነው። ቀስ በቀስ ሎኬሽን ውስጥ ሱቅ ከፈትኩ። ሎኬሽን የምንለው ከከተማው ወጣ ያለውን የጥቁሮች መኖሪያ ሰፈር ነው። እዚያ ሱቅ የያዘ ሰው ኑሮውን ያውቀዋል። የምትሸጠው በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆነህ ነው። የምትተኛውም እዚያው፣ ከመደርደሪያው ጀርባ። እ.ኤ.አ. በ2015 የውጭ አገር ሰው ሱቅ ሲዘረፍ ጌታ ጠብቆኝ የእኔ ተርፎ ነበር።

በ2019 ግን መጡ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይሆናል። በር አልሰበሩም። የጣሪያውን ቆርቆሮ ገልብጠው ከላይ ወረዱ። አብሮኝ የሚሠራውን ልጅ ጭኑ ላይ በጥይት መቱት። እኔ በባዶ እግሬ በጓሮ ወጥቼ ሮጥኩ። የተሰባበረ ጠርሙስ ላይ ነው የሮጥኩት፤ ሲነጋ ከእግሬ ስር አሥራ አንድ ስባሪ አወጡልኝ። ልጁ እግዚአብሔር ይመስገን ድኗል። አሁን አገር ቤት ነው።

የእኔ እግር በሁለት ሳምንት ዳነ። እንቅልፌ ግን አልዳነም።

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ጫማዬን ሳላወልቅ መተኛት ጀመርኩ። ማሰሪያውን አጥብቄ፣ መብራት አብርቼ። ሱቁን ዘግቼ ከተማ ገባሁ፣ ትዳር ያዝኩ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራየን፣ ያው ነው። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ ታለቅስ ነበር። በኋላ ዝም ብላ አንሶላው ላይ ፌስታል ታነጥፍልኝ ጀመር። አስቡት፣ አራት ዓመት። ሐኪም ቤትም ሄጃለሁ። የሰጡኝን ክኒን ውጫለሁ፤ አላፍርበትም፤ ጠቅሞኛል። ነገር ግን ክኒኑ የሚያስተኛኝ ከነጫማዬ ነበር።

ጸሎቴ አንድ ነበር። መዝሙር 4 ቁጥር 8። "በሰላም እተኛለሁ አንቀላፋለሁም" የሚለውን። በጾምም፣ በመንገድም፣ በሥራ ላይም እሱን ነበር የምለው። ሌላ ነገር መለመን ትቼ ነበር። ሀብት አልጠየቅኩም፣ የመኖሪያ ወረቀት አልጠየቅኩም። እንቅልፍ ብቻ።

ሥራዬ ብስክሌት መጠገን ነው። ልጅ ሆኜ ሆሳዕና ውስጥ ሳይክል በግማሽ ሰዓት የሚያከራይ ሰው ጋ ጎማ እየለጠፍኩ ነው ያደግኩት። ሱቁን ከዘጋሁ በኋላ ያ ሙያ እንጀራ ሆነኝ። በ2023 ነሐሴ ውስጥ አለቃዬ ጠራኝ። ስምንት ደንበኞች ቦትስዋና ውስጥ፣ ቱሊ በሚባል የዱር አራዊት አገር፣ ለአራት ቀን በብስክሌት ሊጓዙ ነው። መሪ አላቸው፣ ምግብ አብሳይ አላቸው፣ መካኒክ ግን ይፈልጋሉ። "አንተ ሂድ" አለኝ።

ቦታውን በካርታ አየሁት። የቦትስዋና ምሥራቃዊ ጥግ ነው። ሊምፖፖና ሻሼ የሚባሉ ወንዞች ይገናኙበታል። ሦስት አገር እዚያ ይገጥማል፤ ቦትስዋና፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ዚምባብዌ። አጥር የሌለው፣ ዝሆንና አንበሳ፣ ነብርና ጅብ እንደልቡ የሚሄድበት ቦታ። የሚታደረው በድንኳን ነው። አልሄድም አልኩ። በፍርግርግና በአራተኛ ፎቅ ያልተኛ ሰው በሸራ ሊተኛ?

ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ለአንዱ ነገርኳቸው። አራት ዓመት ሙሉ አብረውኝ የጸለዩ ሰው ናቸው።

"የት ነው ያልከኝ ልጄ?"

"ሊምፖፖ ዳር ነው ጋሼ።"

ዝም አሉ። ከዚያ "በጨለማ ያሻገረህ ጌታ በቀን ሊያሳይህ ይሆናል። ሂድ፤ እኔ እጾማለሁ" አሉኝ።

ከጆሃንስበርግ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነድተን ፖንት ድሪፍት የሚባል የድንበር ኬላ ደረስን። ፓስፖርቴ ላይ ማህተም ተመታ። በሕይወቴ ድንበር በቀን ብርሃን ስሻገር የመጀመሪያዬ ነው። ሊምፖፖ በክረምታቸው፣ ዝናብ በሌለበት ወር፣ ደርቋል፤ ሰፊ አሸዋ ነው። ሲሞላ ሰው የሚሻገረው በሽቦ ገመድ ላይ በተንጠለጠለ ሳጥን ነው። እኛ በመኪና በአሸዋው ላይ አለፍን። መስኮቱን ከፍቼ አየሁት። ዳር ዳሩን ማሻቱ የሚባል ትልልቅ አረንጓዴ ዛፍ ቆሟል። ጦጣዎች ቅርንጫፉ ላይ ነበሩ። ያ ያስፈራኝ ወንዝ ይሄ ነው? አልኩ በልቤ። ያማረ ወንዝ ነው።

መሪያችን የአገሩ ሰው፣ ጥቁር አንበሳ የመሰለ፣ ጠመንጃውን ጀርባው ላይ አዝሎ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ነው። ማለዳ ሰብስቦ ደንቡን ነገረን። በአንድ መስመር ተከተሉኝ። አትቅደሙኝ። እጄን ወደ ላይ ካነሳሁ ሁላችሁም ቁሙ። ምንም ብታዩ፣ ምንም፣ አትሩጡ። ይህን የመጨረሻውን ሦስት ጊዜ ደገመው። እኔ ደግሞ አራት ዓመት የተኛሁት ለመሮጥ ተዘጋጅቼ ነው።

የምንሄድበት መንገድ የዝሆን መንገድ ነው። ሰው አልሠራውም። ለዘመናት እየተመላለሱ የረገጡት፣ እንደተጠረገ ግቢ የለሰለሰ መንገድ። ዳገት ላይ ዝሆን ሁልጊዜ ቀላሉን ይመርጣል፤ ስለዚህ ብስክሌት ይመቸዋል። የሚያስቸግረው እሾህ ነው። ጎማው ውስጥ ነጭ ማሸጊያ ፈሳሽ ስላለ እሾሁን ስነቅለው ፊው ብሎ ነጭ ውሃ ይተፋል። ቀዳዳውን ወደ ታች አድርጌ ቸርኬውን አዞረዋለሁ፤ ፈሳሹ ይረጋና ይደፈናል። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከሃያ በላይ እሾህ ነቀልኩ። በሥራ ላይ እያለሁ ደህና ነኝ። ሲመሽ ነው ችግሩ።

የመጀመሪያው ሌሊት አንበሳ አገሳ። መሪው "ሩቅ ነው፤ ድምፁ እስከ ስምንት ኪሎ ሜትር ይሰማል" ብሎ ነግሮን ነበር። አሥር ሜትር ላይ ያለ ነው የሚመስለው። መሬቱ በሙሉ ያጉረመርማል። ከነጫማዬ፣ ባትሪ በእጄ፣ ቁጭ ብዬ አነጋሁ። ሁለተኛው ሌሊትም እንዲሁ። በማግስቱ ሞትሉትሴ የሚባል ወንዝ ዳር ሠላሳ ሜትር ገደማ ቀጥ ያለ ጥቁር የድንጋይ ግድግዳ አሳዩን። የሰሎሞን ግንብ ይሉታል። የሰሎሞንን ስም እዚያ በረሃ ውስጥ ስሰማ ልቤ ትንሽ ሞቅ አለው። ድካሙ ግን ዓይኔን ይጋርደኝ ነበር። ጌታ ሆይ፣ ለዚህ ነው ያመጣኸኝ? ብያለሁ። አጉረምርሜያለሁ፤ አልደብቅም።

በዚያው በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ደረቅ የወንዝ አሸዋ ላይ የአንዷ ደንበኛ ጎማ ጎኑ በስለታም ድንጋይ ተቀደደ። እንደ እሾህ የሚደፈን አይደለም፤ የውስጥ ጎማ ማስገባት ግድ ነው። ሁለተኛው መሪ ሰዎቹን ከፍ ወዳለው ዳር ወስዶ አቆማቸው። ጠመንጃ የያዘው ከእኔ ጋር ቀረ። ተንበርክኬ ቸርኬውን ፈታሁ። መሪው ትከሻዬን ዳበስ አደረገኝ። "ቀስ ብለህ ቀና በል። እንዳትነሳ" አለ።

ሠላሳ እርምጃ ያህል ላይ ዝሆን ቆማለች። ከኋላዋ ሌሎች ሞፓኔ ከሚባለው ቁጥቋጦ እየወጡ ነው። ድምፅ የለም። ያን የሚያክል እንስሳ አሸዋ ላይ ሲራመድ ኮቴው አይሰማም። እግሯ ስር ገና ኩምቢውን ማዘዝ ያልቻለ ግልገል አለ። ማታ እሳት ዳር መሪው አስተምሮን ነበር። ጆሮዋን ከዘረጋች ማስጠንቀቂያ ነው። ጆሮዋን ወደ ኋላ ለጥፋ ኩምቢዋን ከጠቀለለች የምር ነው። ስለዚህ ጆሮዋን ብቻ አየሁ። ዘረጋችው። እንደ በር ተከፈተ። ራሷን ነቅንቃ አራት አምስት እርምጃ ወደ እኛ መጣች፣ አቧራው ፊቴ ላይ አረፈ።

መሪው ጠመንጃውን አወረደ፣ ግን አላነጣጠረም። በዝግታ ያናግራት ጀመር። "ማ" ነው የሚላት። በእነሱ ቋንቋ ትልቅ ሴት፣ እናት የሚከበርበት አጠራር ነው፤ እኛ እማማ እንደምንለው። ኋላ ምን እንዳላት ጠየቅኩት። "መንገዱ ያንቺ ነው፣ ልጅሽን ይዘሽ እለፊ አልኳት" አለኝ።

እኔ ረጅም ጸሎት አልመጣልኝም። "ጌታ ኢየሱስ" ብቻ ነው ያልኩት፣ ያውም በልቤ። ከዚያ አንድ ነገር ልብ አልኩ። እግሬ አልተነሳም። አራት ዓመት ለዚህች ደቂቃ ያዘጋጀሁት እግር፣ ማሰሪያው የጠበቀ ጫማ ውስጥ፣ አሸዋው ላይ ዝም ብሏል። ከደረቴ ላይ አንድ ከባድ ነገር ሲነሳ ተሰማኝ። ከዚህ በላይ ልገልጸው አልችልም። ፍርሃቱ እንደ ሰው ተነስቶ ሄደ።

ዝሆኗ አየሩን በኩምቢዋ አሸተተች። ዞር አለች። ሌሎቹ ተከተሏት። አሥራ አራት ቆጠርኩ። ሲያልፉ ሆዴ ውስጥ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ያለ ነገር ይርገበገብ ነበር፤ እንደዚያ ነው የሚነጋገሩት አለኝ።

አንዳንድ ወንድሞች "ጌታ የዝሆኗን አፍ ዘጋልኝ ብለህ መስክር" ይሉኛል። አልልም። ዳንኤል ዳንኤል ነው። ዝሆኗ ልጇን የያዘች እናት ናት፤ መንገድ ስናስለቅቅላት ሄደች። መሪውም ሙያውን ያወቀ ሰው ነው፤ እሱንም ያስቀመጠልኝ ጌታ ነው። እኔ የምመሰክረው ስለ እግሬ ነው።

ጎማውን አስገብቼ ነፋሁት። መሪው እጄን እያየ "አይንቀጠቀጥም" አለ። እውነቱን ነው።

ማታ ምን እንደበላሁ አላስታውስም። ድንኳን ውስጥ ገባሁ። ቀጥሎ የማስታውሰው የቡና ሽታና የጅግራ ጩኸት ነው። ፀሐይ ወጥታለች። ብርዱ እግሬን ሲነካኝ ወደ ታች አየሁ። ባዶ እግሬን ነኝ። ጫማዬ ከድንኳኑ ጥግ፣ ማሰሪያው ተፈትቶ፣ ጎን ለጎን ተቀምጧል። መቼ እንዳወለቅኩት አላውቅም።

ስወጣ ሰዎቹ ተሰብስበው መሬት ያያሉ። የአንበሳ ዱካ ነው፤ ከእጄ መዳፍ ይሰፋል። ሌሊት በድንኳኖቻችን መካከል አልፏል፤ ከራስጌዬ አራት እርምጃ በማይሞላ ርቀት። "ሲያገሳ ሰምተሃል አይደል? ሁላችንም ስንንቀጠቀጥ ነበር" አሉኝ። አልሰማሁም። እዚያው አሸዋው ላይ ተንበርክኬ አለቀስኩ። ፈረንጆቹ ደነገጡ፤ ለማስረዳት ቃል አልነበረኝም። ክብር ሁሉ ለእሱ ይሁን።

ለሽማግሌው ስልክ የደወልኩት ኔትወርክ እንዳገኘሁ፣ ከድንበሩ ወዲህ ነው። "ተኛሁ ጋሼ" አልኳቸው። ሌላ አላልኩም። እሳቸውም ዝም ብለው ቆዩና "እልል" አሉ፤ እንደ ሴት፣ ያውም በስልክ።

ቤት የገባሁት በእኩለ ሌሊት ነው። ባለቤቴ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። በር ላይ ጫማዬን አውልቄ አስቀመጥኩት። መብራቱን አጥፍቼ አጠገቧ ተጋደምኩ። ንጋት ላይ ለሥራ ስትነሳ በሩ ላይ አየችው። ከእንቅልፌ የነቃሁት በእሷ ድምፅ ነው። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ ጫማዬን ከነአሸዋው ደረቷ ላይ አቅፋ ትዘምራለች።