ከመፈረማችሁ በፊት ቀን ቁጠሩ

ጎንደር ውስጥ ጥብቅና ላይ ስቆይ "የኦዲት ግኝት" የሚል ደብዳቤ ይዞ የሚመጣ ባለጉዳይ ብዙ ነው። ሰሞኑን አዘዞ መድኃኒት ቤት ያላቸው ጋሼ አንዱን ይዘው መጡ (እንድጽፈው ፈቅደውልኛል)። ከጤና መድን ጋር ውል ነበራቸው፤ ለአንድ የመድኃኒት ማዘዣ ሁለት ጊዜ ተከፍሎዎታልና ይመልሱ ተብለዋል። እኔን ያሳሰበኝ ሁለተኛው ገጽ ነው። ከታች "ዕዳውን አምኜ በሦስት ዙር ለመክፈል ተስማምቻለሁ" ይላል፣ ከጎኑ የፊርማ ቦታ። ጋሼ "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ፤ ልፈርምና ልገላገል" አሉኝ።

እንዳይፈርሙ ለመንኳቸው።

ያላግባብ የተከፈለ ገንዘብ እንደሚመለስ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2164 ይደነግጋል። ግን ጊዜ አለው። ከውል የመጣ ጥያቄ በአንቀጽ 1845 መሠረት በ10 ዓመት በይርጋ (ለክስ በተሰጠው የጊዜ ገደብ ማለፍ) ይታገዳል። ባለዕዳው ዕዳውን ካመነ ወይም ከፊሉን ከከፈለ ግን በአንቀጽ 1851 ይርጋው ይቋረጣል፤ ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። የጋሼ ክፍያ 10 ዓመት ሊሞላው የቀረው ወራት ነው። በዚያች ፊርማ ለጠያቂዎቹ ሌላ 10 ዓመት ሊጨምሩላቸው ነበር!

ሌላም አለ። ይርጋ ቢያልፍም ዳኛው በራሱ አያነሳላችሁም፤ አንቀጽ 1856 ይከለክለዋል። ተከሳሹ ራሱ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ማንሳት አለበት። ይህን ሳያውቁ በቀጥታ ወደ ሂሳቡ ክርክር የገቡ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

አሜሪካኖች በሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን በሆነው የመንግሥት ጤና መድናቸው) ላይ ያደረጉትን እወድላቸዋለሁ። ትርፍ ክፍያው የታወቀው ከተከፈለበት ዓመት ቀጥሎ ያለው 5ኛው ዓመት ካለፈ በኋላ ከሆነ፣ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ ክፍያውን የተቀበለው ተቋም ጥፋት እንደሌለበት ይቆጠራል። ድሮ 3 ዓመት ነበር፤ በ2013 እ.ኤ.አ. መግቢያ ላይ ወደ 5 ከፍ አደረጉት። እኛም በቅን ልቦና የተቀበለን ሰው የሚለይ አጭር ጊዜ ያስፈልገናል። የ9 ዓመት የመድኃኒት ማዘዣ ከየት ተፈልጎ ይገኛል?

አሁን የጻፍነው መልስ የሁለቱን ማዘዣዎች ቅጂና የክፍያዎቹን ቀን ይጠይቃል፤ ዕዳ ስለማመን አንዲት ቃል የለበትም። ሁለት ጊዜ መቀበላቸው በማስረጃ ከታየ ጋሼ ሊመልሱ ዝግጁ ናቸው፤ እኔም ክፈሉ እላለሁ። እናንተም እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከደረሳችሁ መዝገብ ቤት የተቀበላችሁበትን ቀን አስጽፉ፣ ቅጂውን ያዙ፣ ፊርማውን አቆዩት።