ፕላኦሳን ላይ የሒንዱው ንጉሥ ስም

ኢንዶኔዥያ፣ ጃቫ ደሴት ላይ ያለችው ዮግያካርታ ከተማ የገባሁ ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም። ከማደሪያዬ ጀርባ ሠርግ ነበር። ድምፅ ማጉያው እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት አላረፈም፤ እሱ ዝም ሲል ደግሞ አውራ ዶሮዎቹ ተረከቡት። ጠዋት የእንግዳ መቀበያዋን ልጅ ልቆጣት ተዘጋጅቼ ወረድኩ። አፌን ሳልከፍት በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝና ዶሮ አስቀመጠችልኝ፤ ሠርገኞቹ ለጎረቤት የላኩት ነው። ምን እላለሁ? በላሁ።

ቦሮቡዱር በተባለው ጥንታዊ የቡድሂስቶች ቤተ መቅደስ ለውጭ ሰው የሚጠየቀው የመግቢያ ዋጋ አገሬው ከሚከፍለው ብዙ እጥፍ ነው። ላሊበላ ላይ ፈረንጁ በዶላር ሲከፍል እኔ እንደ ዋዛ በማለፌ ቅር ብሎኝ አያውቅም፤ ከፋዩ እኔ ስሆን ግን አንገበገበኝ። ደረጃውን ለመውጣት ጫማ አስወልቀው የሣር ነጠላ ጫማ ይሰጣሉ። በቡድን ሆናችሁ፣ አስጎብኚ ከፊት ከፊታችሁ እየሄደ፣ ሰዓት እየተቆጠረባችሁ ነው የምታዩት። ከ2,600 በላይ የድንጋይ ቅርጾችና 504 የቡድሃ ሐውልቶች ላለው ቦታ ይህ ጊዜ ስድብ ነው።

አስጎብኚያችን ታሪኩን እንደ ተከታታይ ድራማ ነበር የተረከው። በማዕከላዊ ጃቫ ሁለት ሥርወ መንግሥታት ነበሩ፤ ቡድሂስቶቹ ሳይሌንድራዎችና ሒንዱዎቹ ሳንጃያዎች። ሳይሌንድራዎቹ ቦሮቡዱርን ሠሩ። ከዚያ ሒንዱው ራካይ ፒካታን የሳይሌንድራዋን ልዕልት ፕራሞዳዋርዳኒን አገባና ባላፑትራ የተባለውን ባላንጣውን አባረረ። ድሉን ለማሳየትም የሒንዱዎቹን ቤተ መቅደስ ፕራምባናንን ገተረ። ሚስት፣ ዙፋን፣ ስደት፤ ሁሉም አለበት። ቱሪስቱ አፉን ከፍቶ ሰማ፣ እኔም ሰማሁ።

ከፊሉ በድንጋይና በመዳብ የተጻፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ856 የተቀረጸ ጽሑፍ የሒንዱዎቹ አምላክ የሺቫን ቤተ መቅደስ ምረቃ ይተርካል፤ ብዙዎች ፕራምባናንን ነው ይላሉ። ባላፑትራም ሜዳ ላይ አልቀረም። ሱማትራ ደሴት ላይ ስሪቪጃያ በሚባለው መንግሥት ነገሠ፤ ሕንድ ውስጥ ናላንዳ ላይ ገዳም አሠራ፤ የሕንዱ ፓላ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ዴቫፓላም ለገዳሙ መንደሮች ሰጠለት። ያ ስጦታ የተጻፈበት የመዳብ ሰሌዳ ናላንዳ ላይ ተገኝቷል፤ ባላፑትራ የጃቫው ሳይሌንድራ ንጉሥ የልጅ ልጅ እንደሆነም ይናገራል።

ችግሩ ያለው "ሁለት ቤት"፣ ማለትም ሁለት ሥርወ መንግሥት፣ የሚለው ላይ ነው። ወደ ፕራምባናን በሚወስደው መንገድ ዳር የካላሳን ቤተ መቅደስ አለ፤ ታራ ለምትባል የቡድሂስቶች አምላክ የተሠራ። በ778 የተቀረጸ ጽሑፍ መሬቱን ለመነኮሳቱ የሰጠው ንጉሥ ፓናንግካራን እንደሆነ ይመዘግባል። ንጉሥ ባሊቱንግ በ907 ባስጻፈው የነገሥታት ዝርዝር ደግሞ ይኸው ፓናንግካራን የሒንዱው ቤት ስሙን ከወሰደበት ከንጉሥ ሳንጃያ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ይመጣል። እንግዲህ የሒንዱው ቤት ሰው ለቡድሃ መነኮሳት መሬት እየሰጠ ነው! ምሁራን ገሚሶቹ ለሳይሌንድራ የበላዮቹ ታዞ ነው ይላሉ፤ ገሚሶቹ ቤቱ ድሮም አንድ ነው፣ የተለያየው እምነቱ ብቻ ነው ይላሉ። እኔ ወደ ኋለኞቹ አዘነበልኩ። ምክንያቴ ፕላኦሳን የሚባለው የቡድሂስቶች ቤተ መቅደስ ነው።

ፕራምባናን ትልቅ ነው፤ የሺቫው ግንብ ብቻ 47 ሜትር ይረዝማል። ግን ፎቶ የሚነሣው ሰው ብዛት ሰለቸኝና ወጣሁ። ፕላኦሳን ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ በሩዝ ማሳ መሐል ነው። ገና ሳልደርስ ዝናቡ ወረደብኝ። ሻይ የሚሸጡ አንዲት እናት በእጃቸው ጠሩኝና ከላስቲክ ዳሳቸው ሥር አስገቡኝ፤ ፎጣ ሰጡኝ፤ የዝንጅብል ሻይ ቀዱልኝ። ሒሳብ ስል እጄን መለሱት። ቋንቋ አልነበረንም፤ ዝናቡን እያዩ ይሥቁ ነበር።

ካባራ በኋላ ጥበቃው የእጅ ባትሪውን ይዞ አስገባኝ። ሁለቱ ዋና ሕንፃዎች ባለ ፎቅ ነበሩ። የእንጨቱ ወለል ጠፍቷል፤ አግዳሚዎቹ ያረፉባቸው ቦታዎች ግን ግድግዳው ላይ ይታያሉ። በደቡቡ ሕንፃ የወንዶች፣ በሰሜኑ የሴቶች ምስል ተቀርጿል፤ ለጋሾቹ ናቸው ይባላል። በዙሪያው ካሉት ትንንሽ ስቱፓዎች (ጉልላት መሰል የቡድሂስቶች ሕንፃዎች) እና መቅደሶች ብዙዎቹ ላይ የሰጪው ስምና ማዕረግ አለ። የራካይ ፒካታንም ስም እዚያው ነው፤ ያ ቡድሂስቶቹን አሸነፈ የተባለው ሒንዱ ንጉሥ ለቡድሃ ስቱፓ አዋጥቷል።

ጥበቃውን በስልኬ አስተርጓሚ "ታዲያ የተጣሉት በምንድን ነው?" አልኩት። "በዙፋን ነዋ፣ ሌላ በምን ይጣላሉ?" አለኝ።

ራቱ ቦኮ ኮረብታ ልወጣ ነበር፣ እግሬ እምቢ አለ። በስልክ የጠራሁት ሞተር ከተማ ድረስ በ45 ሺህ ሩፒያ አደረሰኝ። ጠዋት ባለመኪናው ለዚሁ መንገድ 400 ሺህ ነው የተቀበለኝ፤ ያውም "ላንተ ስል ቀንሼ ነው" እያለ።